ፎቶውን ተዉትና ካላንደሩን አምጡት

ጳጉሜን ሲገባ የዚህ አምድ መልእክት ይበዛል። ዓመቱን ሙሉ «ስንት ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል?» ከማለት በቀር ምንም የማይጠይቁኝ ሰዎች እንኳ በዚህ ሰሞን «በአዲሱ ዓመት የት ልሂድ? ደግሞ ደህና ቦታ ይሁን» ብለው ይጽፋሉ። ደህና ቦታ ማለት ምን እንደሆነ ገብቶኛል። የራሱ ዋና ገንዳ ያለው፣ ቁርስ በትሪ የሚመጣበት፣ ፎቶው ለወዳጅም ለጠላትም የሚላክ ቦታ ነው።

ይህን የምጽፈው ፒያሳ፣ ድሮ ቲኬት እሸጥበት ከነበረው ቢሮ ብዙ ሳልርቅ፣ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ማኪያቶዬ ቀዝቅዟል፣ ዝናቡ አላባራም። ያኔ በመስኮቱ በኩል ስንቱን ሸኘሁ! ተናዶ ከተመለሰው ውስጥ ሆቴሉን የሚያማርር ጥቂት ነበር። ወይ ወሩ አልሆነለትም፣ ወይ ቪዛው አሰቃይቶታል። ዘንድሮም የምመልሰው ያንን እያሰብኩ ነው።

«ሠርጋችን ጥር ላይ ነው፣ ከጥምቀት በኋላ። እጮኛዬ ማልዲቭስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል፤ እኔ ዛንዚባር ይበቃናል እላለሁ። ለሠርጉ ያወጣነውን ሳስብ ራሱ እንቅልፍ ይነሳኛል። ማናችን ነን ልክ?» — ሙሽሪት፣ ከአራት ኪሎ

እንኳን ደስ አላችሁ! አንቺ ነሽ ልክ፤ እሱም ግን ብዙ አልሳተም።

በጥር ሁለቱም ቦታ ደረቅ ነው፣ ባሕሩም ይመቻል። ሌላም የተመቻችሁ ነገር አለ። የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት የሚውሉባቸው ሁለት ሳምንታት በሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች ላይ ዋጋ ጣሪያ የሚነካባቸው ናቸው፤ ለእኛ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው። ለሥጋና ለዓሣ ቡፌ በዶላር ከፍሎ ሩዝ በአትክልት ሲበላ የሰነበተ ደንበኛ ነበረኝ፣ እስካሁን መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ያነሳብኛል። እናንተ ከጥምቀት በኋላ ስትሄዱ ጾሙም ተፈቷል፣ የበዓሉ ዋጋም ተንፍሷል።

አሁን ሒሳብ። ማልዲቭስ ላይ ለአንድ ሌሊት ብለው የሚነግሯችሁ ዋጋ ብዙ ጊዜ ከጎኑ ሁለት የመደመር ምልክት ይለጠፍበታል። እነዚያን ምልክቶች እንዳትንቋቸው። አንዷ የአገልግሎት ክፍያ ናት፣ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ። ሌላዋ የቱሪዝም ታክስ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17 በመቶ ደርሳለች። በዚያ ላይ አረንጓዴ ግብር የሚሉት አለ፤ ሪዞርት ለሚያድር ሰው በነፍስ ወከፍ በሌሊት 12 ዶላር፣ ለሁለታችሁ ለሰባት ሌሊት 168 ዶላር ማለት ነው። ይህ ሁሉ ሳይደመር ቆንጆ የሚመስል ዋጋ ሲደመር ሌላ ሰው ይሆናል።

ደግሞ አየር ማረፊያው ከሪዞርቱ ጋር አንድ ደሴት ላይ አይደለም። ራቅ ያለ ሪዞርት ከመረጣችሁ ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው የሚወስዷችሁ። ዋጋዋ ለብቻ ነው፣ ቀላልም አይደለም። እሷ የምትበረው ደግሞ ቀን ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ በሌላ አገር በኩል ስትዞሩ ዋና ከተማዋ ማሌ የምትደርሱት ከመሸ ከሆነ፣ ያቺን ሌሊት በራሳችሁ ኪስ እዚያው አካባቢ ታድራላችሁ። የጫጉላችሁ የመጀመሪያ ሌሊት ኤርፖርት አጠገብ ሆነ ማለት ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ አማትሽ ጠጅ በጀሪካን ቢሰጡሽ ቦሌ ላይ ለሸኚዎች አስረክቢ፤ ማልዲቭስ መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ የሚጠጣው ሪዞርቱ ውስጥ ተገዝቶ ነው።

ዛንዚባር የቀጥታ በረራ አለ። እዚያም ቢሆን ወሳኙ የትኛው ጎን ታርፋላችሁ የሚለው ነው። ሰሜኑ ጫፍ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ፣ ባሕሩ ብዙም ስለማይሸሽ ቀኑን ሙሉ ይዋኙበታል። ምሥራቁ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ማዕበሉ ሲመለስ ውሃው ሩቅ ይሄድና አሸዋው ላይ ብዙ መንገድ በእግር ትከተሉታላችሁ። ነፋሱን ለሚወድ፣ በሸራ እየተጎተተ ውሃ ላይ ለሚንሸራተት ሰው ምሥራቁ ገነት ነው። ለሙሽራ ግን ሰሜኑን እላለሁ። ለማልዲቭስ ተራ ክፍል የምትከፍሉት ገንዘብ እዚያ የግል ገንዳ ያለው ቪላ ሊያስገኝላችሁ ይችላል፤ በዚህ ለእጮኛሽ ማስረጃ አቅርቢለት። ሁለት ሌሊት ደግሞ አሮጌዋ ከተማ ስቶን ታውን እደሩ። የድሮ በሮቿን እያያችሁ በጠባብ መንገዶቿ መጥፋት ራሱ መዝናኛ ነው፣ ዩኔስኮም በ2000 መዝግቧታል።

ሦስት ጣጣዎች አሉ። ቪዛውን ቀድማችሁ በኢንተርኔት ጨርሱ፣ «እዚያ ስንደርስ» አትበሉ። ዛንዚባር ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በነፍስ ወከፍ 44 ዶላር የራሷን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ከእዚህ የገዛችሁት አይተካውም። የቢጫ ወባ ክትባት ደግሞ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት፣ አንዴ ከተወሰደ ግን ለዕድሜ ልክ ነው።

እና እባካችሁ፣ በሠርጉ ማግስት ቲኬት አትቁረጡ። መልሱ አለ፣ ቅልቅሉ አለ። ቅልቅል ላይ ሻንጣ በር ላይ አስቀምጣ ሰዓት ስታይ የዋለች ሙሽራ አውቃለሁ፤ ፎቶዎቿ ሁሉ ላይ ፊቷ ወደ በሩ ነው።

«ሦስት ጓደኛሞች ነን። ለሐምሌ ፓሪስና ሳንቶሪኒ አስበናል፣ አምስት ኮከብ ብቻ። አንዳችንም ከአገር ወጥተን አናውቅም። አንድ ሰው ሆቴሉን ሙሉውን ቀድማችሁ ክፈሉ፣ ለቪዛው ይረዳችኋል ብሎናል። እንክፈል?» — ከካዛንቺስ ልጆች (አሁን ገርጂ ገብተናል)

አትክፈሉ። ይህንን የነገራችሁ ሰው ኮሚሽኑ ሆቴሉ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ኤምባሲው የሚፈልገው የት እንደምታድሩ የሚያሳይ ማስያዣ ነው። ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ያዙ፣ ያ በቂ ነው። ቪዛው ከተከለከለ ያልተመለሰ የሆቴል ብር ማንም አይመልስላችሁም፤ የቪዛ ማመልከቻውም 90 ዩሮ አይመለስም።

ጊዜውን ደግሞ ከአሁኑ ቁጠሩ። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን አመልካቾች ላይ ደንቡን አጥብቋል። ለሌላው 15 ቀን የሆነው የመመርመሪያ ጊዜ ለእኛ 45 ቀን ሆነ፣ ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛም ቀረ። አንዴ መግቢያ ብቻ ከሆነ «ከፓሪስ ለሁለት ቀን ለንደን ደርሰን እንመለስ» ማለት የለም፤ ለንደን ለራሷ ሌላ ቪዛ ትፈልጋለች፣ ከወጣችሁ በኋላም ፓሪስ አታስገባችሁም። ማመልከት የምትችሉት ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፤ ለሐምሌ ከሆነ ጥር ላይ ጀምሩ። የጉዞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን። የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት በምታድሩበት አገር ኤምባሲ ነው፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ በምትገቡበት። ፓሪስ አራት ሳንቶሪኒ አምስት ካላችሁ ወደ ግሪክ ነው እንጂ ወደ ፈረንሳይ አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ሳንቶሪኒን በሐምሌ አልመክርም፣ እውነቴን ነው። ያ በፎቶ የምታዩት ነጭ መንገድ በሐምሌ ከመርከብ በሚወርድ ሰው ይሞላል። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ከክፍሉ ዋጋ በላይ በሌሊት 15 ዩሮ የመንግሥት ክፍያ ያስከፍላል። ግሪክ የግድ ከሆነ ግንቦት ወይም መስከረም መጨረሻ ሂዱ፤ ሙቀቱም ግፊያውም ይቀንሳል።

አሁን እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገራችሁ። ፓስፖርታችሁ ባዶ ነው፤ ዘንድሮ ቪዛ የማይጠይቅ አገር ሂዱና ማኅተም አስመቱ። ኬንያ ለእኛ ያለ ቪዛ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ማሳይ ማራ ላይ የዱር ከብቱ መንጋ ወንዝ የሚሻገርበት ወቅት ነው፤ ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን ሣር ሜዳ ላይ ታርፋላችሁ፣ ድንኳን የሚሉት ነገር መታጠቢያ ገንዳና የእንጨት ወለል ያለው ነው። ቅንጦት ካላችሁ ይኸው ቅንጦት። የፓርኩ መግቢያ ግን ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ለውጭ ሰው በቀን 200 ዶላር ነው፣ ያውም ለ12 ሰዓት። ከማረፊያው ዋጋ ውስጥ መካተቱን ሳትጠይቁ ቀብድ አትክፈሉ። ባንክ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ሂዱ፣ ፓስፖርትና ቲኬት ይዛችሁ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ ዋጋ ከተለቀቀ ወዲህ «አምና እኮ ይህን ያህል ነበር» የሚባል ወሬ ለማንም አይጠቅምም።

«ዱባይ በሐምሌ አምስት ኮከብ በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ልያዘው?» — ቸኳይ፣ ከለገሃር

ግማሽ የሆነው እኮ በሙቀቱ ነው! ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ባሕሩ ራሱ ሙቅ ሻወር ይመስላል። ከሆቴል ወደ ሞል፣ ከሞል ወደ ሆቴል የሚበቃሽ ከሆነ ያዢው፤ እንዲያውም ብልህ ነሽ። አሸዋው ላይ ልተኛ ካልሽ ግን ከኅዳር እስከ መጋቢት ጠብቂ። ስትገቢ በክፍል በሌሊት እስከ 20 ድርሃም የሚደርስ የቱሪዝም ክፍያ ለብቻው ይጠይቁሻል፣ እንዳትደነግጪ።

«ልጄ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሜሪካ ያለው ልጄ ነሐሴ ላይ መጥቶ 'እማዬ የፈለግሽው አገር እወስድሻለሁ' ይለኛል። እኔ ባሕር ማየት ነው የምፈልገው። ምጽዋን በልጅነቴ አይቻታለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየሁም። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም። የት ልበለው?» — እናት፣ ከጊዮርጊስ ሰፈር

እማማ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሲሼልስ ይበሉት።

ምክንያቴን ልንገርዎት። ሲሼልስ ከማንም አገር ሰው ቪዛ አትጠይቅም። ከመሄድዎ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ የመግቢያ ፈቃድ ብቻ አለ፣ እሱን ልጅዎ ስልኩ ላይ ይጨርሰዋል። ከቦሌ በቀጥታ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከመቶ በላይ ደሴቶች አሏት፤ እርስዎ ግን ሁለቱን ካዩ ይበቃዎታል።

ነሐሴ ከፍልሰታ ጋር ይጋጫል፤ ይህን ልጅዎ የረሳው ይመስለኛል። ጾሙ በ16 ይፈታል፣ በ17 ወይም በ18 ይነሱ። በዚያን ጊዜ የሲሼልስ ዝናብ ይቀንሳል፣ ግን ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ አለ፤ በዚያ በኩል ያለው ባሕር ይናወጣል፣ የባሕር አረምም ያመጣል። ስለዚህ በማሄ ደሴት ሰሜን ምዕራብ፣ ቦ ቫሎን የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ይረፉ። ረጅም ነው፣ ሜዳ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ቀስ ብለው ይሄዱበታል። ወደ ፕራለን ደሴት ሲሻገሩ ጀልባው በነሐሴ ሆድ ያገላብጣልና ተዉት፤ ትንሽ አውሮፕላን አለች፣ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የምትበረው። ፕራለን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል የዘንባባ ጫካ አለ፣ ከ1983 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ። በዓለም ትልቁን የተክል ዘር የያዘውን ኮኮ ደ ሜር የተባለውን ፍሬ እዚያ ያዩታል። አንዱ ፍሬ ከሃያ ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፣ ቅርጹን ሲያዩት ደግሞ ይስቃሉ፤ ለምን እንደሚስቁ እዚህ አልጽፍም።

አሁን ስለ ጉልበትዎ። ሲሼልስ ዐለታማ ናት፤ ውዶቹ ቪላዎች ብዙዎቹ ዳገት ላይ ተሰቅለዋል፣ ደረጃቸው አያልቅም። ልጅዎ ክፍል ሲይዝ «ምድር ቤት፣ ባሕሩ አጠገብ» ብሎ ጽፎ ማረጋገጫ ይቀበል፣ «የባሕር እይታ» ማለት ብዙ ጊዜ ዳገት ማለት ነው። አየር መንገዱን ደግሞ ሁለት ቀን ቀድሞ ዊልቸር ይጠይቅልዎት፣ ክፍያ የለውም። «ሰው ምን ይለኛል» አይበሉ፤ የቦሌ ተርሚናል ከእርስዎ በግማሽ የሚያንሰውንም ያደክማል። የቢጫ ወባ ካርድም ያስፈልግዎታል። ከዚህ በፊት ተከትበው ከሆነ ያ ይበቃል። ካልተከተቡ ግን ከስልሳ ዓመት በላይ ላለ ሰው የመጀመሪያው ክትባት ጥንቃቄ ስለሚፈልግ፣ ክትባቱ ጋ ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።

ሲመለሱ ምጽዋ ትበልጣለች ወይ አትበልጥም፣ ይጻፉልኝ።

«ጓደኛዬና እኔ ጎሪላ ማየት እንፈልጋለን። ለፈቃዱ ሩዋንዳ 1,500 ዶላር፣ ኡጋንዳ 800 ዶላር አሉን። ጎሪላው ይለያያል እንዴ?» — ከሜክሲኮ አደባባይ

ጎሪላው ያው ነው፣ የሚለየው መንገዱ ነው። ከኪጋሊ እስከ እሳተ ገሞራዎቹ ፓርክ በአስፋልት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የኡጋንዳው ብዊንዲ ፓርክ ከኢንቴቤ ኤርፖርት በመኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ ወይ ሌላ ትንሽ አውሮፕላን ትከፍላላችሁ። ስለዚህ 700 ዶላሩን አድነናል ያሉ ሰዎች ግማሹን መንገድ ላይ ይከፍሉታል፤ ወገባቸው ደግሞ ቀሪውን። ለአፍሪካውያን ሩዋንዳ ያለ ቪዛ ለ30 ቀን ታስገባለች። ፈቃዱን ስታስይዙ የአፍሪካ ዜጎች ታሪፍ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ ማንም አያነሳላችሁም።

በሁለቱም አገር ከጎሪላዎቹ ጋር የሚፈቀደው አንድ ሰዓት ነው፣ በአንድ ቡድን ከስምንት ሰው አይበልጥም። ጉንፋን ከያዛችሁ ይመልሷችኋል፣ ሕመሙ ለእነሱ ይተላለፋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ደረቅ ወቅት ነው የሚሻለው፤ በዝናቡ ወቅት ጭቃው እስከ ጉልበት ነው።

ሌላው፣ ዕቃችሁን በፌስታል ጠቅልላችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱ። ሩዋንዳ ፌስታል ከከለከለች ከ2008 ወዲህ ቆይታለች፣ ኪጋሊ ኤርፖርት ላይ ይቀሟችኋል። በርበሬ በፌስታል ይዞ የሄደ ዘመድ አለኝ፣ ቀሪውን ገምቱት።

«ሁሌ ውጭ ውጭ ትያለሽ። ወንጪ፣ ባሌ፣ ሃላላ ኬላ እያሉልን ሰው ዶላር ፍለጋ ይንከራተታል። የአገርሽን ለምን አትጽፊም?» — የተናደደ አንባቢ፣ ከስድስት ኪሎ

ይበሉኝ፣ ልክ ነዎት። ግን እኔም የምናደድበት አለኝ፣ ተራ በተራ እንነጋገር።

ባሌ ከዘረዘሩት ሁሉ አንደኛዬ ነው። ሳነቴ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆመው ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን በጠዋት ማየት፣ ከሰዓት ደግሞ ወርዶ ሐረና ጫካ ውስጥ፣ የዱር ቡና ሥር መገኘት፣ ይህን በአንድ ቀን የሚሰጥ አገር አላውቅም። በ2023 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ከኅዳር እስከ የካቲት ይሂዱ፣ ወፍራም ጃኬት ይዘው። ወንጪ ለቅዳሜና እሑድ ነው፤ በወሊሶ ወይም በአምቦ በኩል ይደረሳል፣ ሐይቁ መሐል ደሴቷ ላይ የቂርቆስ ገዳም አለ። ሃላላ ኬላ የሚባለው ሪዞርት ደግሞ ከዳውሮ ነገሥታት የድንጋይ ካብ አጠገብ ነው፣ ማታ እዚያ ያለው ሐይቅ ላይ የሚወርደው ጸጥታ ብቻውን ለጉዞው ይበቃል። ለየትኛውም ቢሆን ከመነሳትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ላለ ሰው ደውለው ይጠይቁ።

ቅሬታዬ ይኸውልዎት። ባለፈው ዓመት ከእህቴ ጋር አንድ ሎጅ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። የክፍሉ ዋጋ በዶላር ነው የተጻፈው፣ ለእኛም። እሺ ብለን ከፈልን። እይታው አፍ ያስከፍታል፣ አልጋው እንደ ደመና ነው፣ አስተናጋጆቹ ደግሞ ሰው የሚባሉ ናቸው። ማታ ሻወር ልገባ ስል ውሃው በረዶ። ደወልኩ። «ሙቅ ውሃ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ብቻ ነው፣ አልነገሩሽም?» አለኝ ልጁ፣ አዝኖልኝ። ከዚያ በባልዲ ሞቅ አድርጎ አመጣልኝ፤ እውነቱን ለመናገር ከጉዞው ሁሉ የማስታውሰው ያችን ባልዲ ነው። ለእሱ ጉርሻ ሰጠሁ፣ ለሎጁ ግን አራት ገጽ አስተያየት ጻፍኩ፣ እስካሁን መልስ የለም።

ስለዚህ የአገር ውስጡን እጽፋለሁ፣ ቃሌ ነው። እርስዎም ሲሄዱ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ስልክ ይደውሉና ስለ እይታው ሳይሆን ሙቅ ውሃው ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይጠይቁልኝ።